ሴባስቶፖልን የጎተቱት እነማን ነበሩ?
(በዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ ዕድሜያችንን መዝገብ ስንጽፍ የጨረስን፣ ትምህርታችንም ከአንደኛ ደረጃ ያላለፈ ሰዎች ነን። ስለ ታሪክ ለመናገር የደፈርነው ለቅሶ ድንኳን ውስጥ በሰማነው ክርክር ምክንያት ነው። አንዱ ልጅ «ሴባስቶፖል 70 ቶን ነው፣ እንግሊዝን የፈጀው እሱ ነው» አለ። ሌላው «ተረት ነው» ብሎ ሳቀ። ሁለቱም አልያዙትም።

መድፉ እውነት ነው። ደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት፣ ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ አውሮፓውያን በአፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ከአገራችን ሰዎች ጋር ሆነው ቀለጡት። ክብደቱ ግን 7 ቶን ያህል ነው። ስሙም የተወሰደው ሩሲያ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር ከተዋጋችበት የክሪሚያ ከተማ ነው።

በ1860 ዓ.ም. መስከረም ሲያልቅ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። መንገድ የለ፣ ድልድይ የለ። የጅጣንና የበሽሎን ገደል እየናዱ፣ ብዙ መቶ ሰው በጠፍር እየሳበ፣ መድፉን ስድስት ወር ያህል ጎተቱት። ንጉሡም ቆመው አላዘዙም፤ ድንጋይ በእጃቸው ያነሡ ነበር።

ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዕለት፣ አሮጌ ሜዳ ላይ ጦርነት ሆነ። ከፋላ አምባ የተተኮሱት መድፎች ብዙም አልጎዱም፤ አንዱ ትልቅ መድፍ ገና ሲተኮስ ፈነዳ። ፊታውራሪ ገብርዬና 700 ያህል ሰው ወደቁ። ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ተያዘች፤ ንጉሡም እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። ሴባስቶፖል ምንም ሳይሠራ እዚያው አምባው ላይ ቀረ። ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሞ ያየነው ምስሉ ነው።

እንግዲህ ለእኛ የሚያሳዝነን መድፉ አለመተኮሱ አይደለም። የመድፉ ስም ተጽፎአል፣ የንጉሡ ስም ተጽፎአል፣ የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ስምም ተጽፎአል። የጎተቱት ሰዎች ግን «ብዙ መቶ» ተብለው ቀሩ። አባቱ ማን ነው? ከየት መጣ? ማን ቀበረው? መዝገብ የለም።

የእኛስ መዝገብ? ገልጠን ስናየው መዋጮ፣ ቅጣት፣ ውዝፍ ብቻ ነው። አንድ ሰው 40 ዓመት ሬሳ ተሸክሞ፣ ድንኳን ተክሎ ሲያልፍ፣ የሚቀርለት «ከፍሏል» የሚል ቃል ነው። ስለዚህ የምንለምነው ይህን ነው፤ ለእያንዳንዱ አባል አንድ ገጽ ይጨመርለት። የትውልድ አገሩ፣ የእናት የአባቱ ስም፣ የሠራው ሥራ ይጻፍ። ብዙ ወጪ የለውም፤ ደብተሩን እኛ እንገዛለን፣ ጽሕፈቱም የኖርንበት ሥራ ነው።

ሸክም የተሸከመ ሰው ስሙ አይጥፋ። ያለፉትን ነፍስ ይማር፤ ዕድራችንን ያጠንክርልን።