ጠመንጃና ጥይት በክረምትና በቆላ እንዴት ይቀመጥ?

(በዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር፤ ላልተገኙ አባሎች እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ የወጣ)



ዛሬ እፊታችሁ የቆምኩት የዕድራችን ዳኛ «ጋሼ፣ ዓይንዎን ያጡበትን ነገር ለወጣቶቹ ይንገሩልን» ብለው ስለ ለመኑኝ ነው። እኔም እሺ አልኩ። የደረሰብኝ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ወሩ ሐምሌ ነበር። አጎቴ ቆላ ወርዶ ሲመለስ ዝናሩ በዝናብ ርሶ ስለ ነበር፣ ጥይቱን አንድ በአንድ አውጥቶ እንዲደርቅለት በምድጃው ጠርዝ ላይ ደረደረው። እኔ እሳቱ ዳር ቁጭ ብዬ በቆሎ እጠብስ ነበር። አንዷ ጥይት ተንከባላ ፍሙ ውስጥ ገባች። ከዚያ ወዲያ በግራ ዓይኔ ያየሁት ነገር የለም።

አጎቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጠመንጃውንም ከነፍሱ ለይቶ አያይም ነበር። የጎደለው ዕውቀት ብቻ ነው። ጥይት ከጠመንጃ ውጭ ሲፈነዳ እርሳሱ ሩቅ አይሄድም፤ ቀለሁ ግን ተሰነጣጥቆ ይበተናል። እኔን ያገኘኝ እሱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምለው ይህን ነው፤ የራሰ ጥይት በእሳት፣ በምጣድም ሆነ በጠራራ ፀሐይ አይደርቅም። በጨርቅ ይጠረግና ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ አበቃ።

እንደሚታወቀው አገራችን የጠመንጃ አገር ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ደጃዝማች በላይ ዘለቀና ሌሎች አርበኞች በዚሁ በቢቸና ምድር ጣልያንን ሲዋጉ፣ ምንሽሩና ውጅግራው የቤት ልጅ ያህል ይጠበቅ ነበር። ዛሬም በየቤታችን ያለው ክላሽ እንደዚያው ይወደዳል። ነገር ግን መውደድና መያዝ ማወቅ ለየቅል ናቸው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ!

አሁን ወደ አየራችን ልምጣ። ቢቸና ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የዓባይ በረሃ ደግሞ ከኛ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ እንደ ምድጃ ይሞቃል። ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥበቱ ቤት ድረስ ይገባል። በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ከ60 በመቶ ካለፈ ብረት ለመዛግ ይፈጥናል። በማለዳ ብርድ የቀዘቀዘ ጠመንጃ ይዛችሁ ቆላ ስትወርዱ፣ ወይም ከውጭ አምጥታችሁ እንፋሎት ወደ ሞላው ማድ ቤት ስታስገቡት፣ ብረቱ እንደ ድስት ክዳን ያልበዋል። ላቡ ከውጭ ብቻ አይደለም፤ አፈሙዙም ውስጥ ነው። ስለሆነም ቦታ በለወጣችሁ ቁጥር ጥቂት ቆይታችሁ ወልውሉት።

በምን ይወልወል? እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን።

አንደኛ፣ ቅቤ አይሆንም። ቅቤ በውስጡ ውኃ አለው፤ ሲቆይም ይኮመጥጥና ብረቱን ይበላዋል። ሁለተኛ፣ የኑግ ዘይት አይሆንም። ኑግ አየር ሲያገኝ እየደረቀ እንደ ሙጫ ይይዛል፤ ቃታውም ይጣበቃል። ሦስተኛ፣ ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት አይሆንም፤ አሲድና ጥላሸት አለበት። ላምባ ቆሻሻ ያነሣል እንጂ ከዝገት አይጠብቅም። የሚሻለው የጠመንጃ ዘይት ነው፤ እሱ ከታጣ ቀጭን የስፌት መኪና ዘይት በስሱ ይቀባል። ሲበዛ አቧራ ይሰበስባል።

የዱሮ የጦር ሠራዊት ጥይት የተኮሰ ሰው ደግሞ ሌላ ሥራ አለበት። በዚያ ዓይነት ጥይት እሳት ጫሪ ውስጥ ያለው ኬሚካል ሲቃጠል በአፈሙዙ ውስጥ ጨው ይተዋል። ጨው እርጥበት ይስባል፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይዝጋል። ጨው ደግሞ በዘይት አይሟሟም። ስለዚህ በፈላ ውኃ ማጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያ በኋላ ዘይት መቀባት ነው።

ጥይቱን ግን ዘይት አትቀቡት! ዘይት ቀስ ብሎ በቀለሁ መቀመጫ በኩል ገብቶ እሳት ጫሪውን ያበላሻል። ጥይት የሚፈልገው ደረቅ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ነው። በቆርቆሮ ጣራ ሥር ያለ ቆጥ በቀትር ይግላል፤ ሙቀት ደግሞ ባሩድን እያደር ያበላሸዋል። ዝናርም ለመታጠቂያ እንጂ ለማስቀመጫ አይደለም። ቆዳ እርጥበት ስለሚይዝ ቀለሁ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ዝገት ያወጣል። በፌስታል ጠቅልሎ መሬት መቅበርም እርጥበቱን አብሮ ማሰር ነው። ክዳኑ የሚገጥም የብረት ሣጥን ውስጥ፣ በመድኃኒት ብልቃጥና በጫማ ካርቶን የምናገኛትን እርጥበት መጣጭ ትንሽ ከረጢት ጨምሮ፣ ከወለል ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይበቃል።

ጎተራ ውስጥ የምትደብቁም አላችሁ። ለነቀዝ ተብሎ እህል ውስጥ የሚጨመረው ኪኒን የሚያወጣው ጋዝ መዳብና ነሐስ ይበላል፤ ጥይታችሁን ያጠፋል። ጋዙ ሰውንም ይገድላል። ጠመንጃ ፍለጋ ጎተራ ውስጥ ጭንቅላቱን የሚያስገባ ሰው በራሱ ላይ ይፈርዳል።

ተኩሶ እምቢ ያለ ጥይት ቢያጋጥማችሁ ቶሎ አትክፈቱት። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት እንዳዞራችሁ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ ዘግይቶ ሊተኩስ ይችላልና። የዛገ፣ የተሰነጠቀ ወይም እሳት ያገኘው ጥይት አይተኮስም፤ እሳት ውስጥም ሆነ መጸዳጃ ጉድጓድ አይጣልም። ለይታችሁ አስቀምጡና ለፖሊስ አሳውቁ።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስኩ። ከዝገት የተጠበቀ ጠመንጃ ከልጅ ካልተጠበቀ ትርፉ ለቅሶ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጠመንጃ ለእንግዳ ጌጥ ይሁን እንጂ፣ ልጅ በርጩማ ስቦ ይደርስበታል። እቤት ሲገባ ካዝናው ይነቀል፤ ማቀባበያው ተስቦ ውስጡ በዓይንም በጣትም ይታይ። ካዝና መንቀል ብቻውን አይበቃም፤ ውስጥ የቀረች አንዲት ጥይት ትበቃለችና። ከዚያም ጠመንጃው ለብቻው፣ ጥይቱ ለብቻው በጓጉንቸር ይቆለፍ፤ ቁልፉ ከባለቤቱ አይለይ።

ሕጉንም አንርሳ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። በስማችሁ ፈቃድ የወጣበት ጠመንጃ ላይ ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ።

ንግግሩ እንዳበቃ አንዲት እናት ተነሥተው «ሌሊት ሌባ ቢመጣብኝ የተቆለፈ ጠመንጃ ምን ያደርግልኛል?» ብለው ጠይቀው ነበር። የተሰጣቸው መልስ ይህ ነው፤

«እመት፣ ጥያቄዎ ትክክል ነው። ቁልፉን አንገትዎ ላይ ካሰሩት ሣጥኑን ለመክፈት ትንሽ ጊዜ ነው የሚፈጅብዎ። ሌባው ምናልባት በዓመት አንድ ቀን ይመጣ ይሆናል፤ የልጅ ልጅዎ ግን ሁልጊዜ እቤት ነው።»