ስልኩ የተረኛው ነው

በምሩቃን የመገናኘት በዓል ላይ በሮቤ የቀረበ ንግግር

ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ የመጣችሁት ወገባችሁን እያሻሻችሁ እንደሆነ ከዚህ ሆኜ አያለሁ፤ አላረዝመውም። ከባቼ ልጆች በዕድሜ ከፍ ያልኩ ስለነበርኩ «እትዬ ዶክተር» እያሉ ይቀልዱብኝ የነበሩትም ዛሬ ራሳቸው ሸብተው አገኘኋቸው፤ እግዜር ይስጠው።

አዘጋጆቹ «ስለ ግቢ ስልክ እድሳት ተናገሪልን» ሲሉኝ መጀመሪያ ሳቅሁ። ሐኪም ነኝ እንጂ የቴሌ ሰው አይደለሁም። ስለ ደም ግፊት ልናገር ብዬም ተከራክሬ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን፣ በሐኪምነቴ ካሳለፍኳቸው ሌሊቶች የከፋው የስልክ ሌሊት ነበር። ስለዚህ እሺ አልኩ።

ሆስፒታሉን አልጠራም፤ ባሌ ውስጥም አይደለም። ከተመረቅሁ ብዙ አልቆየሁም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንዲት የ22 ዓመት ልጅ ወለደች። ሕፃኑ አለቀሰ፣ ሁላችንም ደስ አለን። እንግዴ ልጁም ወጣ። ከዚያ በኋላ ደሙ አልቆም አለ። መድኃኒቱን ሰጠን፣ ማህፀኗን አሸን፣ አሁንም ይፈስሳል። ሐኪሞቹ ታውቁታላችሁ፤ ለሌሎቻችሁ ልንገራችሁ። እርግዝና ሲያበቃ ወደ ማህፀን በየደቂቃው ከ500 እስከ 700 ሚሊ ሊትር ደም ይሄዳል። ማህፀኑ ካልተኮማተረ ይህ ሁሉ ደም መውጫ አገኘ ማለት ነው። ሕክምና ያላገኘች እናት በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች ብለን ነው የተማርነው።

ሁለት ሰው ያስፈልገኝ ነበር፤ የማህፀን ስፔሻሊስቱና የላብራቶሪው ተረኛ። ግድግዳው ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ ስምና የሞባይል ቁጥር። ግማሹ በእስክሪብቶ ተሰርዞ ጎኑ ላይ ሌላ ተጽፎበታል። ለላብራቶሪው ደወልኩ። ከእንቅልፉ የነቃ ሰው «እኔ እኮ ዛሬ ተረኛ አይደለሁም፣ ተቀያይሬያለሁ» አለኝ። የተቀየረው ልጅ ቁጥር ወረቀቱ ላይ የለም። ስፔሻሊስቱ ጋ ደወልኩ። ያቺ ሁላችንም ድምጿን የምናውቃት ሴትዮ ደንበኛውን ማግኘት እንደማይቻል ነገረችኝ። ባትሪው አልቆበት ነበር። ሰውየው ጎበዝም ቅንም ሐኪም ነው፤ ባትሪ ግን ያልቃል።

ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ስልክ አለ! ባለ ሽቦው፣ የድሮው፣ ዳንቴል የለበሰው። ዳንቴሉን ገፍፌ አነሳሁት፤ ድምፅ የለውም። ሲስተሯ «ዶክተርዬ፣ እሱ ከሞተ እኮ ቆየ» አለችኝ።

ዘበኛውን ጋሼን ለመንኳቸው፤ በዕድሜያቸው በዝናብ እየሮጡ ግቢውን አቋርጠው ላብራቶሪው ሄዱ። ደሙ እጄ ሲገባ 40 ደቂቃ አልፏል። እናትየው ተረፈች። ማህፀኗ ግን ወጣ። የመጀመሪያ ልጇ ነበር። ስልኩ ቢሠራ ኖሮ ማህፀኗ ይተርፍ ነበር ብዬ መማል አልችልም፤ ሕክምና እንደዚያ አይሰላም። 40 ደቂቃዋን ግን እስከ ዛሬ እቆጥራታለሁ።

ለብዙ ጊዜ ጥፋቱን በባትሪው ላይ ሳሳብብ ኖርኩ። በኋላ ነው የገባኝ። እኔ የደወልኩት ለሰው ነበር፤ የሚያስፈልገኝ ግን ተረኛው ነበር። ሞባይል የሰው ነው። ሰው ደግሞ ይተኛል፣ ፈረቃ ይቀያየራል፣ ለቅሶ ይሄዳል፣ ሲም ካርድ ይለውጣል፣ ሥራ ይለቃል። የጠረጴዛው ስልክ የሥራው ነው። ማንም ይቀመጥበት ማን፣ ቁጥሩ ላብራቶሪ ነው።

ይህን እንዴት እንደረሳነው ግልጽ ነው። አገራችን ስልክን የምታውቀው ከምኒልክ ዘመን፣ ከ1894 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። መሥሪያ ቤት ማለት ስልከኛ ያለበት ቤት ነበር፤ ስልከኛዋ እትዬ የሁሉንም ድምፅ ለይታ፣ ማን የት እንዳለ አውቃ ታገናኛለች። አንዳንዱ ቤት ስልኩ በቁልፍ ይዘጋ እንደነበር የምታስታውሱ አላችሁ። በ1991 ዓ.ም. ሞባይል አዲስ አበባ ገባ፤ ቀስ በቀስም በሁላችንም ኪስ። ከዚያ በኋላ የግቢ ስልክ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ሁሉም ሞባይል አለው እኮ! ሽቦው አንድ ዓመት በዝናብ ይበሰብሳል፣ ሌላ ዓመት ቧንቧ ሲቆፈር ይቆረጣል፣ ዳንቴሉ ብቻ ይታጠባል።

ወደ እኛ ልምጣ። ዩኒቨርሲቲያችን በ1999 ዓ.ም. ሲቋቋም ስልክ ብርቅ መሆኑ እያበቃ ነበር፤ ሮቤና ጎባ ደግሞ 14 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። በ1998 መስከረም የአገሪቱ ቁጥር ሲቀየር የሁለቱም መነሻ 022 ሆነ፤ ቀጥሎ ግን ሮቤ 665፣ ጎባ 661 ነው። ለቴሌ ሁለት ከተማ ናቸው። ለእኛ ግን አንድ ግቢ ናቸው፤ ሬጅስትራሩ ሮቤ፣ የሕክምና ተማሪው ጎባ። አዲስ የግቢ ስልክ ሲተከል የመጀመሪያው ጥቅም ይኼ ነው፤ ከሮቤ አራት አሃዝ ደውለህ ጎባ ማዋለጃ ክፍል ይነሳል፣ እንደ ጎረቤት ቢሮ።

የኮምፒውተር መምህራኑን ጠይቄ እንደተረዳሁት፣ ዛሬ ይህ ከባድ ነገር አይደለም። ድምፁ ኮምፒውተሮቹ በሚገናኙበት መስመር ላይ ይሄዳል። አንድ ጥሪ በሰከንድ 90 ኪሎ ቢት ያህል ነው የሚፈልገው፤ ሠላሳ ሰው በአንድ ጊዜ ቢያወራ እንኳ ከሦስት ሜጋ ቢት አያልፍም። ማዕከሉ ላይ የሚቀመጠው ፒኤቢኤክስ የሚሉት ነገር በነፃ በሚገኝ ሶፍትዌር፣ አስተሪስክ በሚባለው፣ በተራ ኮምፒውተር ላይ ሊሠራ ይችላል። ሁለቱን ግቢ የሚያገናኘው ፋይበር ከሆነ ደግሞ መብረቅ እንደ መዳብ ሽቦ ተከትሎት አይመጣም። የባሌን ዝናብ ለምታውቁ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ግን አስደንግጦኛል፤ እባካችሁ ገዢዎቹ ስሙኝ። የድሮው ባለ ሽቦ ስልክ መብራት ቢጠፋም ይሠራ ነበር። ለምን? ኤሌክትሪኩ የሚመጣለት ከስልክ ማዕከሉ፣ ከ48 ቮልት ባትሪ፣ በዚያው በቀጭኑ ሽቦ ነው። አዲሱ ስልክ እንዲህ አይደለም። ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው በየሕንፃው ካለ ስዊች ከሚባል ሳጥን ነው። መብራት ሲጠፋ ሳጥኑ ይሞታል፣ ስልኩም አብሮ ይሞታል። ጀነሬተሩ ቢነሳ እንኳ ሳጥኑ ተነስቶ ስልኮቹን እስኪያውቅ ደቂቃዎች ይፈጃል። በሚፈስ ደም ደቂቃ ምን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ። ስለዚህ በየሳጥኑ ሥር ባትሪ፣ ዩፒኤስ፣ ያስፈልጋል፤ ባትሪውም በየጥቂት ዓመቱ መቀየር አለበት። በጨረታ ላይ መጀመሪያ የሚቀነሰው ዕቃ ይኼ ነው፤ አይታይማ! ባለ ስክሪን ስልክ በዲኑ ጠረጴዛ ላይ ያምራል። ዲኖቻችን አትቆጡኝ። እናንተ ጋ ያልተነሳ ስልክ ነገ ይደወላል።

ደግሞም ሁሉንም አሮጌ መስመር አትንቀሉ። ለድንገተኛ ክፍል፣ ለማዋለጃ፣ ለደም ባንክና ለዋናው በር ዘበኛ አንዳንድ ቀጥታ የቴሌ መስመር ይቅር። አዲሱ ሥርዓት በሙሉ ቢወድቅ የሚነሳ ስልክ ይኑር።

ወጣቶቹ ሐኪሞች «ቴሌግራም ግሩፕ አለን እኮ» ትሉኛላችሁ። አለኝ፤ እኔም አሥራ አንድ ግሩፕ ውስጥ ነኝ፣ ዘጠኙን ድምፅ አጥፍቼባቸዋለሁ። ነገሩ ይኸው ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ግሩፕ ላይ የተጻፈ መልእክት ማንን ይቀሰቅሳል? የታካሚ ፎቶስ የትኛው ስልክ ላይ ይቀራል? በሰኔና ሐምሌ 2012 ኢንተርኔት ለሳምንታት በተቋረጠ ጊዜስ ግሩፑ የት ነበር? የግቢው ስልክ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ በራሱ መስመር ላይ ነው የሚሄደው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ እኔም ከመጠየቄ በፊት አላውቅም ነበር።

ከውጭ የሚደውለውንም አስቡት። ከደሎ መና እናት ይዞ የሚመጣ አምቡላንስ የሐረናን ደን አቋርጦ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነውን የሳነቴን አምባ አልፎ ነው ጎባ የሚገባው፤ 110 ኪሎ ሜትር ያህል። የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ከመነሳቷ በፊት «ደም አዘጋጁ» ማለት አለባት። ማን ጋ ትደውል? በእጇ ያለው የሊያዞኑ ባልደረባ የግል ሞባይል ከሆነ፣ እሱ የተቀየረ ዕለት እሷም ከሆስፒታሉ ተቆረጠች። ለሊያዞን አንድ ቁጥር ይሰጥ፤ ሰው ቢለዋወጥ የማይለወጥ። በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ በቀለም ይጻፍ፣ በእስክሪብቶ አይደለም።

እዚያ ቁጥር ላይ ደግሞ ማሽን እንዳታስቀምጡብን። «ለአማርኛ 1ን ይጫኑ፣ ለእንግሊዝኛ 2ን» የሚለውን ባንክ ይጠቀምበት። የታመመ ልጅ የያዘ የገጠር አባት «ቢልቢላ» ብሎ የሚያውቀውን ስልክ ሲደውል፣ በአፋን ኦሮሞ «አካም» የሚለው ሰው ይፈልጋል። ስልከኛዋን እትዬን መልሱልን ነው የምለው፤ ቢያንስ ለሌሊቱ።

አንድ ነገር ቀረኝ። እንዲህ ያለውን ሥርዓት ብዙ ጊዜ አንድ ጎበዝ ልጅ ይተክለዋል፣ የይለፍ ቃሉንም የሽቦውንም ካርታ በጭንቅላቱ ይዞ የተሻለ ደመወዝ ያገኝና ይሄዳል። አልፈርድበትም፣ ሐኪሞቹም እንዲሁ እናደርጋለን። ከመጀመሪያው ግን ሁለት ሰው ይሠልጥን፤ የትኛው ሽቦ ከየት ወደየት እንደሚሄድ በመዝገብ ይጻፍ። የምህንድስናና የኮምፒውተር ተማሪዎች በየዓመቱ መዝገቡን ይዘው እየዞሩ ስልኮቹን አንድ በአንድ እያነሱ ይፈትሹ። ድምፅ የሌለውን ስልክ ዳንቴል ሳይለብስ ይድረሱበት።

አሁን ስለ ገንዘቡ። የእኔ ባች ትናንት ማታ እራት ላይ ተነጋግሯል። የማዋለጃ ክፍሉን ስልክ፣ የሚያገናኘውን ሳጥንና ባትሪውን፣ ባትሪው ሲያረጅም መቀየሪያውን እኛ እንሸፍናለን ብለናል። ላብራቶሪው፣ ደም ባንኩ፣ ድንገተኛው ክፍልና ሊያዞኑ ገና ባለቤት አልተገኘላቸውም። የጤና መኮንኖቹ ባች ደም ባንኩን ይዘዋል የሚል ወሬ ሰምቻለሁ፤ እውነት ከሆነ ከምሳ በፊት እጃችሁን አውጡና ጸሐፊው ይመዝግብ።