ዝቋላን በመኪና
(ቃሊቲ በተደረገው የቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ላይ ከተነገረ)



ከዚህ ከአቃቂ ሰማዩ ሲጠራ ዝቋላ በደቡብ በኩል ይታያል። ተማሪ ሳለን በእግራችን ወጥተነዋል፤ ዘንድሮ ግን ጉልበቱ የት አለና! በመኪና እንሂድ ነው የምለው። ከፍታው 3,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። እስከ ቢሾፍቱ አስፋልት ነው፣ ሐሳብ የለም። ዳገቱ ላይ ግን አውቶቡስ አይሞከርም፤ ፎር ዊል ያላችሁ መምህራኑን አሳፍሩ። ስትወርዱ በከባድ ማርሽ ይሁን፤ ፍሬን ብቻ የሚረግጥ ሰው፣ ፍሬኑ ሲግል አልይዝ ይለዋል። ከላይ ሐይቁ፣ የጽዱ ደንና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም አሉ። መጋቢት 5 ሕዝብ ስለሚበዛ ሌላ ቀን ይሻለናል፤ የመንገዱንም ሰላም አስቀድመን እንጠይቃለን።

እንግዲህ፣ «እኔስ ይቅርብኝ፣ አስቸግራችኋለሁ» ያሉንን መምህራችንን ማን ይዟቸው ይሄዳል? እጅ አውጡ እስቲ።