ቁልፍን ስለ ማስረከብ

(በሙያ ማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው የሊማሊሞን ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ከፍታው 2,850 ሜትር ገደማ በሆነ ደጋ ላይ ይገኛል። ቁልቁለቱን ወርዶ ሲጨርስ ብርዱ ቀርቶ ሙቀቱ ይቀበለዋል፤ ድብ ባሕርም የምትገኘው በዚያው በገደሉ ግርጌ ነው። መንገዱን በወረራው ዘመን የቀየሱት ኢጣልያኖች ናቸው። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ቺንጋና ኩሽኔታ የሚባሉት ቃላትም ከእነርሱ ቋንቋ የቀሩ መሆናቸው ይታወቃል። ልማድ ያለው ሹፌር ይህን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ አይወርድም። ከባድ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝ ያደርጋል፤ ፍሬኑን የሚረግጠው አልፎ አልፎ ነው። ያለማቋረጥ የተረገጠ ፍሬን ይግላልና፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ በሚያስፈልግበት መታጠፊያ ላይ መያዙን ይተዋል።

የዛሬው ንግግር ስለ መኪና አይደለም። በመሣሪያ ላይ የሚታወቀው ይህ ሕግ በመሣሪያው ባለቤት ላይ ስለ ምን እንደሚዘነጋ ለመመርመር ነው። ለምርመራውም ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ በድብ ባሕርም ሆነ በደጋው ትንንሽ ከተሞች ውስጥ የሚገኘው የወፍጮ ቤት ባለቤት ነው።

ይህ ሰው ጎሕ ሲቀድ ይነሣል። ሞተሩን የሚያስነሣው እርሱ ነው፤ እህሉን የሚመዝነው፣ ገንዘቡን የሚቀበለው፣ ዱቄቱን በጣቱ አሽቶ መላሙን የሚያረጋግጠው እርሱ ነው። ቺንጋው መላላቱን ወይም ኩሽኔታው ቅባት መፈለጉን በጆሮው ይለያል። ምሳውን ቆሞ ይበላል። ረዳት አለው፤ ነገር ግን የረዳቱ ሥራ ጆንያ ማንሣትና ቤት መጥረግ ነው። ለምን እንደማያርፍ ቢጠየቅ፣ «እኔ ከሌለሁ ወፍጮው ይቆማል» ይላል። ንግግሩም እውነት ነው። አንድ ቀን ትኩሳት ይዞት ቢተኛ፣ እህላቸውን በአህያና በጀርባቸው ጭነው ገደልና ወንዝ ተሻግረው የመጡ እናቶች ሳያስፈጩ ይመለሳሉ፤ ማታም ምጣድ አይጣድም። ስለዚህ ጉዳዩ የአንድ ሰው የግል ድካም ብቻ ነው ተብሎ ሊታለፍ አይቻልም።

በዚህ አገር ሥራ የሚቆምበት ቀን ጠፍቶ አያውቅም። ሰንበት አለ። አቦ በ5፣ ሥላሴ በ7፣ ሚካኤል በ12፣ ኪዳነ ምሕረት በ16፣ ገብርኤል በ19፣ ማርያም በ21፣ ጊዮርጊስ በ23፣ መድኃኔ ዓለም በ27፣ ባለ ወልድ በ29 አለ። ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም ሊከበሩ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር እንኳ በ15ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ እስኪወሰን ድረስ መነኮሳትን ከመነኮሳት ሲያለያይ ኖሯል። የተማረው ክፍል የበዓላቱን ብዛት የድህነት ምክንያት አድርጎ ሲቆጥር ብዙ ጊዜ ይሰማል። ነገሩ ፈጽሞ ሐሰት ነው ባይባልም ሒሳቡ ጎዶሎ ነው፤ በሬው የሚያርፈው ባለቤቱ ሲያርፍ ነውና።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የጥንቱ ዕረፍት አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው። ሁሉም በአንድ ቀን ስለሚቆም ማንም በመቆሙ አይጎዳም ነበር። ዛሬ ግን ጎረቤቱ ሲሠራ ብቻውን የሚዘጋ ነጋዴ ደንበኛውን ለጎረቤቱ ያስረክባል። ከዚህም የተነሣ ትንሽ ድርጅት ያለው ሰው ያለ ኀፍረት የሚዘጋበት አንድ ምክንያት ብቻ ቀርቶታል፤ እርሱም ቀብር ነው። ለሌላው ሞት ይዘጋል፤ ለራሱ ሕይወት አይዘጋም።

ከዚህ የተለየ ምሳሌ ያሳዩ የእጅ ባለሙያዎች በጎንደር አካባቢ ነበሩ። አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ከመሄዳቸው በፊት በወለቃና በሌሎችም መንደሮች ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል፣ ማረሻ ቀጥቃጮች፣ ሸማኔዎችና ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳታቸውን ያጠፉ ነበር። ብረት ቀጥቃጭ እሳቱን አጠፋ ማለት ሥራውን ከሥሩ አቆመ ማለት ነው። የጎንደር ትልቁ ገበያ የሚውለውም ቅዳሜ መሆኑ ሲታሰብ፣ ያቆሙት በትርፉ ቀን ላይ ነበር። ይሁን እንጂ ገበሬው ማረሻውን ይዞ ሲመጣ በየትኛው ቀን እንደማያገኛቸው አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ደንበኛን የሚያርቀው የታወቀ ዕረፍት ሳይሆን ያልታሰበ መዘጋት ነው፤ ይህን ቀጥቃጮቹ በተግባር አስመስክረዋል።

ሕግን በሚመለከት ብዙ የሚባል የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተቀጣሪው በሳምንት ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቋረጠ ዕረፍት፣ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመትም 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጠዋል። ባለቤቱ የማንም ተቀጣሪ ስላልሆነ ፈቃድ የሚሰጠው የለም፤ መስጠት የሚችለው ራሱ ብቻ ነው። ራሱ ደግሞ ከአሠሪዎች ሁሉ የከፋ ሆኖ ይገኛል።

እንግዲህ መሐንዲስ በዚህ ጉዳይ ምን ድርሻ አለው? መልሱ በዚያው በወፍጮው ውስጥ ይገኛል።

በእንግሊዝ አገር፣ በለንደን ከተማ፣ በቴምስ ወንዝ ዳር አልቢዮን የሚባል በእንፋሎት ኃይል የሚሠራ ትልቅ ወፍጮ ነበር። እሳት በልቶት የጠፋው እ.ኤ.አ. በ1791 ነው። የጄምስ ዋት ሸሪክ የነበረው ማቲው ቦልተን በ1788 እ.ኤ.አ. በዚህ ወፍጮ ውስጥ አንድ መሣሪያ ተመለከተ። በመዘውር የሚሽከረከሩ ኳሶች ናቸው፤ ፍጥነት ሲጨምር ኳሶቹ ወደ ውጭ ተገፍተው ይነሣሉ፣ ሲቀንስ ይወርዳሉ። የነፋስ ወፍጮ ሠሪዎች ይህን የመሰለውን መሣሪያ በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ያለውን ክፍተት ለመጠበቅ ይገለገሉበት ነበር። ቦልተን ያየውን ለዋት ጻፈለት፤ ዋትም በዚያው ዘመን ከእንፋሎት ሞተሩ ጋር አገናኘው። ከዚያ በፊት ፍጥነቱ እንዲስተካከል አንድ ሰው እጁን ከእንፋሎቱ መክፈቻ ላይ ሳያነሣ መቆም ነበረበት። ኳሶቹ ሥራውን ሲረከቡት ያ ሰው እጁን አነሣ።

የዚያ መሣሪያ ዘር በናፍጣ የሚሠራ የወፍጮ ሞተር ሁሉ ውስጥ አለ። እህል በብዛት ሲጨመር ሞተሩ ሊደክም ይላል፤ መቆጣጠሪያው ናፍጣ ይጨምርለታል። እህሉ ሲያልቅ ይቀንስለታል። እንግዲህ የወፍጮው ባለቤት ሰው እጁን እንዲያነሣ ተብሎ ከተሠራ መሣሪያ አጠገብ ቀኑን ሙሉ እጁን ሳያነሣ ቆሞ ይውላል ማለት ነው። ለምን ቢባል፣ ሞተሩን የሚቆጣጠርለት አግኝቷል፤ ሥራውን የሚቆጣጠርለት ግን አላገኘም።

ይኸን ማግኘት ይቻላል፤ ብዙ ወጪም አይጠይቅም። የሚያስፈልገው ሚዛን፣ የናፍጣ መለኪያና አንድ ደብተር ነው። ባለቤቱ በየቀኑ ስንት ኩንታል እንደ ተፈጨና ስንት ሊትር ናፍጣ እንደ ነደደ ለጥቂት ሳምንታት ቢመዘግብ፣ ጤፍ፣ ገብስና ስንዴ እያንዳንዳቸው በኩንታል የሚፈልጉትን ናፍጣ ያውቃል። ከዚያ በኋላ የነደደው ናፍጣ ከተፈጨው እህል በልጦ ከተገኘ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው፦ ወይ ድንጋዩ ደንዞ መወቀር ይፈልጋል፤ ወይ ቺንጋው ላልቶ ይንሸራተታል፤ ወይ ናፍጣው ወይም ገንዘቡ ሌላ መንገድ ሄዷል። ከሦስቱ ሁለቱ ሌብነት አይደሉም። ነገር ግን ሳይመዘግብ ቆሞ የሚጠብቅ ባለቤት ሦስቱንም በአንድ ስም ይጠራቸዋል፤ በዚህም የተነሣ ብዙ ታማኝ ረዳት ተባሯል። መተማመን ከመዝገብ ጋር ይጣላል የሚል አስተሳሰብ አለ፤ መዝገብ ያለው ሰው ግን የሚጠረጥርበት ምክንያት ስለሚያንሰው ይበልጥ ሊያምን ይችላል።

ከባዱ ክፍል በጆሮ የሚታወቀውን ነገር ማስተላለፍ ነው። ባለቤቱ በብዙ ዓመት የለመደውን ድምፅ ረዳቱ በአንድ ወር አይለምደውም። ስለሆነም ማስረከቡ ቀስ በቀስ መሆን አለበት፤ መጀመሪያ ግማሽ ቀን፣ ከዚያ ሙሉ ቀን። በዚያ ግማሽ ቀን ባለቤቱ የሞተሩ ድምፅ ከሚሰማበት ቦታ ይራቅ፤ ድምፁን እየሰማ የተቀመጠ ሰው አላረፈም፣ ድምፁ ትንሽ ሲለወጥ ተነሥቶ ይሮጣልና። ረዳቱ አንድ ቀን እህል ማለቁን ሳያይ ድንጋዮቹን ባዶአቸውን ያፋጭ ይሆናል፤ ዱቄት ያግል ይሆናል። ጉዳቱ እውነተኛ ነው። ቢሆንም በአንድ የድንጋይ ውቅር የሚካስ ጉዳት፣ ባለቤቱ በድንገት ቢወድቅ ከሚደርሰው ጋር ሊተያይ አይችልም።

ረዳቱ ከተማረ በኋላ ትቶ ይሄዳል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ይህም ሐሰት አይደለም። የደጋው ወጣት ሰሊጥ ሲደርስ ወደ መተማና ወደ ሑመራ መውረዱ የቆየ ነገር ነው። ሆኖም የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ጆንያ ተሸክሞ በቁርጥ ደመወዝ የሚኖረው ነው። ከሚፈጨው ኩንታል ድርሻ የሚታሰብለት ሰው ከመሄዱ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል። ቢሄድም መዝገቡ ለተተኪው ይቀራል።

እዚህ ላይ ከወፍጮ ቤቱ ለአፍታ ወጥቶ ወደዚህ አዳራሽ መመልከት ተገቢ ነው። ጋራዥ፣ የብረታ ብረት ቤት፣ የንድፍ ቢሮ የከፈቱ የማኅበሩ አባላት ጥቂቶች አይደሉም። ወጣት ባልደረባቸው ከእነርሱ እኩል ሊያየው የሚችለው ንድፍ ባለቤቱ ከመስክ እስኪመለስ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ይሰነብታል። ለወፍጮው ባለቤት ትምህርት ማነሱ እንደ ምክንያት ሊቆጠርለት ይችል ይሆናል፤ ለእነዚህ ግን ምን ምክንያት እንደሚሰጥ ለመናገር ያስቸግራል።

ሳይፈልጉ መቆምም ከዕረፍት ጋር ሊምታታ አይገባውም። ጦርነቱ ወደ ሰሜን ጎንደር በደረሰበት በ2013 ዓ.ም. ክረምት መንገዱ ሲዘጋ ብዙ ሥራ ቆሞ ነበር፤ በዚያ መቆም ያረፈ ሰው የለም። ዕረፍት የሚባለው ባለቤቱ የሚጀምርበትን ቀን የመረጠው፣ የሚመለስበትንም የሚያውቀው ነው።

የድብ ባሕር ሰው ለዚህ የሚሆን ወቅት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በነሐሴ የጎተራው እህል ይመነምናል፤ የአስፈጪውም ሰልፍ ያጥራል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን ፍልሰታ ስለሆነ ብዙ ምእመናን ሱባኤ ይገባሉ፤ የዋልድባ ገዳምም ከዚያ ሩቅ አይደለም። ባለጸጋ ሆነ ድኃ፣ ሱባኤ ገባ የተባለን ሰው ማንም ሰነፍ አይለውም፤ ደንበኛውም መቼ እንደሚመለስ ያውቃል። እንግዲህ ሐምሌ 30 ቀን ማታ ባለቤቱ ለረዳቱ የሚያስረክበው የሚከተለውን ነው፦ ቁልፉን፣ የናፍጣ መለኪያውን፣ አንድ ጣሳ የሞተር ዘይት፣ መለዋወጫ ቺንጋና ደብተሩን። በደብተሩም ውስጥ ለአሥራ አምስት ቀን የሚበቃ ባዶ ገጽ አስምሮ ይተውለታል።