ቁልፉ በማን እጅ ይሁን?

(ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ይህች ዕቃ አውቶማቲክ ካምቢዮ ባለው መኪና ላይ ስትገጠም፣ ቀድሞ መሣሪያው ራሱ ይወስነው የነበረውን ጉዳይ ለነጂው እጅ ታስረክባለች። ስለዚህ ጥያቄው «እንዴት ትገጠማለች?» ብቻ ሳይሆን፣ «ውሳኔውን የተረከበ ሰው ምን ኃላፊነት አብሮ ይረከባል?» የሚል ጭምር ነው።

በመጀመሪያ መሠረቱን እንመልከት። በማኑዋል መኪና ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኝና የሚለያይ ፍሪሲዮን ነው። በአውቶማቲኩ ግን በዚያ ቦታ ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል፣ ዘይት የተሞላ ክብ ዕቃ አለ። ሐሳቡን ጀርመናዊው መሐንዲስ ኸርማን ፈቲንገር እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1905 ዓ.ም. ለመርከብ ሥራ ሲል አስመዘገበው። በውስጡ ሞተሩ የሚያዞረው ባለ ክንፍ መዘውር ዘይቱን ይወረውራል፤ ዘይቱም ፊት ለፊት ያለውን ሌላ መዘውር ይገፋል፤ በመካከል ያለው ሦስተኛው ደግሞ የሚመለሰውን ዘይት አቅጣጫ ያቃናል። በዚህም ምክንያት መኪናው ከቆመበት ሲነሣ የሞተሩ የመጠምዘዝ ኃይል ወደ ሁለት እጥፍ ሊያድግ ይችላል።

ይሁን እንጂ ዘይት እንደ ብረት አይጨብጥም። ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር ወደ ካምቢዮው የሚገባው ዘንግ 1,900 ጊዜ ብቻ ዞረ እንበል። ከመቶ አምስት እጅ ጠፋ ማለት ነው። ሞተሩ በዚያን ጊዜ 40 ኪሎዋት የሚሰጥ ከሆነ፣ 2 ኪሎዋቱ ዘይቱን ለማሞቅ ብቻ ይውላል፤ ይኸውም በካምቢዮው ውስጥ የኤሌክትሪክ ምድጃ ለኩሶ እንደ መንዳት ነው። ዘይቱ ከልኩ በላይ ሲግል ይበላሻል፤ ካምቢዮውም ይከተለዋል።

ለዚህ መድኃኒቱ በኮንቨርተሩ ውስጥ ያለ መቆለፊያ ፍሪሲዮን ነው። መቆለፊያው ሲያዝ ሁለቱ መዘውሮች እንደ አንድ ይዞራሉ፤ መንሸራተቱም ይቀራል። ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በ1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በአልትራማቲክ ካምቢዮው ላይ አውጥቶት ነበር።

አሁን ወደ ማብሪያ ማጥፊያዋ ልምጣ። ለምሳሌ የምወስደው ጄኔራል ሞተርስ በ1982 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ያወጣውን 700አር4 የተባለ ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ ነው። ኮረንቲው ከፊውዝ ተነሥቶ በፍሬን ፔዳሉ ማብሪያ በኩል ያልፍና፣ ሶሌኖይድ ወደሚባለው የዘይት መዝጊያና መክፈቻ ይደርሳል። የመኪናው ኮምፒዩተር የሶሌኖይዱን ሁለተኛ ሽቦ ከመኪናው አካል ጋር ሲያገናኘው መቆለፊያው ይያዛል። ይህ ካምቢዮ ኮምፒዩተር ወደሌለው አሮጌ መኪና ሲዛወር ግን ያንን ሽቦ የሚያገናኝ አይኖርም፤ መቆለፊያውም ሥራ ይፈታል። እንግዲህ ማብሪያ ማጥፊያዋ የኮምፒዩተሩን ቦታ ትይዛለች፤ ጥቅሟም እውነተኛ ነው።

ጭቅጭቁ የሚነሣው በፍሬኑ በኩል ነው። በፋብሪካው አሠራር ፍሬን ሲረገጥ ኮረንቲው ይቋረጣል፤ መቆለፊያውም ይለቃል። አንዳንድ ሰዎች «ቁልቁለት ስንወርድ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝልን እንፈልጋለን፤ ፍሬን በነካን ቁጥር ለምን ይለቃል?» ብለው ሽቦውን ከፍሬኑ ማብሪያ አግልለው በቀጥታ ይስባሉ። ምኞታቸው ከንቱ አይደለም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ ሰው ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ይጠብቀዋል፤ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ግሎ ሊከዳው ይችላል። መቆለፊያው ሲያዝ ደግሞ ሞተሩ መኪናውን ይበልጥ አጥብቆ ይይዛል።

ነገር ግን በመታጠፊያው ላይ ከብት ድንገት ቢገባስ? ነጂው ፍሬኑን በኃይል ይረግጣል፤ ጎማው ሲቆም ከጎማው ጋር የተቆለፈው ሞተርም ይጠፋል። ሞተሩ ሲጠፋ በሞተር ኃይል የሚታገዘው መሪ ይከብዳል፤ የፍሬኑም አጋዥ ከጥቂት ርግጫ በኋላ ያልቅበታል። ሰውየው ፍሬኑንና መሪውን ከምንጊዜውም ይልቅ በሚሻበት ሰዓት ሁለቱም ይከብዱበታል ማለት ነው። ስለዚህ የፍሬኑን ማብሪያ ማለፍ አይገባም። ይልቅስ ማርሹን አስቀድሞ ዝቅ ማድረግ፣ ፍሬኑን ለአጭር ጊዜ አጥብቆ ረግጦ መልቀቅ ይሻላል። እግሩ ሲነሣ መቆለፊያው መልሶ ይያዛል።

ከዚህም በቀር ሁለት ነገር ላሳስብ። መቆለፊያው የተሠራው ለተረጋጋ ጉዞ ነውና ከባድ ጭነት እየጎተቱ ነዳጅ እስከ መጨረሻው በሚሰጡበት ሰዓት መቆለፍ ፍሪሲዮኑን ያቃጥለዋል። ካምቢዮው ሙሉ በሙሉ በኮምፒዩተር በሚታዘዝበት በዛሬው መኪና ላይ ደግሞ ሽቦ መቁረጥ ጥቅሙ ጥቂት፣ ጣጣው ብዙ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ኮምፒዩተሩ መቆለፊያውን ከመያዙ በፊት የሞተሩን ሙቀት፣ የመኪናውን ፍጥነትና የነዳጁን አሰጣጥ ይመዝን ነበር። ቁልፉን የተረከበ ሰው ያንን ሁሉ መመዘን የእርሱ ሥራ ሆነ። መሣሪያን ማዘዝ የእኛ መብት ነው፤ ነገር ግን መሣሪያው ስለ እኛ ያስብ የነበረውን ሳናውቅ ብናዝዘው፣ ዕዳውን የሚከፍለው አብሮን የተሳፈረው ሰው ነው።