የሊቨርፑል ከተማ ፖሊስ አመሠራረትና ዕድገት



አንድ ድልድይ ሲታቀድ አስቀድሞ የሚጠየቀው ሸክሙ በየትኛው ምሰሶ ላይ እንደሚያርፍ ነው። ስለ ፖሊስ አመሠራረት ሲወሳም የሚነሣው ጥያቄ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ይኸውም ፖሊስ የሚታዘዘው ለማን ነው? የሚል ነው። የእንግሊዟ ሊቨርፑል ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

ሊቨርፑል በጥጥ ንግድና በመርከብ የበለጸገች፣ ስካርና ስርቆትም የበዛባት የወደብ ከተማ ነበረች። የቀን ጠባቂዎቿና የሌሊት ዘበኞቿ በአንድ አለቃ ሥር ስላልነበሩ ሥራቸው አልተቀናጀም ነበር። በ1829 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሮበርት ፒል የሎንዶንን ፖሊስ ካቋቋመ በኋላ፣ የ1835ቱ ሕግ የከተማ ምክር ቤቶች ከአባሎቻቸው መካከል የጥበቃ ኮሚቴ መርጠው ፖሊስ እንዲያደራጁ ደነገገ። በዚሁ መሠረት የሊቨርፑል ፖሊስ በ1836 ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያው አዛዥ ማይክል ዊቲ ቀድሞ የሌሊት ዘበኞች የበላይ ነበር። ጥጥ የታጨቀባቸው መጋዘኖች ለእሳት የተጋለጡ ስለነበሩ እሳት ማጥፋትም የፖሊሱ ተግባር ሆነ፤ ይህም አሠራር እስከ 1941 ዘለቀ።

በ1856 የወጣው ሕግ ደግሞ ብቃቱ በመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ለተረጋገጠ ፖሊስ የደመወዙና የልብሱ ወጪ አንድ አራተኛ ከመንግሥት ግምጃ ቤት እንዲሸፈን ፈቀደ። ከገንዘቡም ጋር የማዕከላዊው መንግሥት ቁጥጥር ገባ።

ይሁንና ሥልጣኑ በዋነኛነት የኮሚቴው ነበር። በ1890 ኮሚቴው በሴተኛ አዳሪ ቤቶች ላይ ክስ እንዲመሠረት ሲያዝ፣ አዛዡ ኖት ባወር ቤቶቹ ተበትነው በየመንደሩ ይሠራጫሉ የሚል ሥጋት ቢኖረውም ትእዛዙን ፈጸመ። የተመረጠ ምክር ቤት ለሕዝብ ተጠያቂ ነው፤ ነገር ግን ማን ይከሰስ የሚለው በምርጫ ውጤት ከተወሰነ ሕግ ለሁሉ እኩል መሆኑ ያጠራጥራል።

ለአዛዥና ለኮሚቴ ብቻ የታሰበበት ድርጅት ተራውን ፖሊስ ዘንግቶ ነበር። በነሐሴ 1919 ማኅበራቸውን የሚያግደውን ሕግ በመቃወም ከ900 በላይ የሊቨርፑል ፖሊሶች አድማ መቱ። ሱቆች ተዘረፉ፤ ወታደርም ተጠራ። አድማ የመቱት ሁሉ ከሥራ ተባረሩ፤ የጡረታ መብታቸውንም አጡ።

በ1964 የወጣው ሕግ የጥበቃ ኮሚቴዎችን አደረጃጀት ለወጠ። የሊቨርፑል ፖሊስ በ1967 ከቡትል ፖሊስ ጋር ተዋሐደ፤ በ1974ም በመርሲሳይድ ፖሊስ ውስጥ ተጠቃለለ። በ2012 ደግሞ የፖሊስ ኮሚሽነር በሕዝብ መመረጥ ጀመረ።

ምሰሶው በየዘመኑ ተለዋውጧል፤ ሸክሙ ግን ያው ነው። ፖሊስ ከሕዝብ ከራቀ ይፈራል፤ ለአንድ ወገን እጅግ ከቀረበም አይታመንም። የአንድ ፖሊስ ጥንካሬ የሚለካው በሰው ብዛት ሳይሆን በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሚዛኑን ጠብቆ በመቆሙ ነው።