ቡቺን የሚያበላው ማን ነው?

በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቅዳሜ ኮዲንግ ቡድን እናቶች ያቀረቡት ንግግር

 

እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጆቻችን ጋር ኮዲንግ የምንማር ሰባት እናቶች ነን። አንዷ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፣ ሁለቱ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፣ አንዷ ልብስ ትሰፋለች፣ የቀሩት ሦስቱ የቤት እመቤቶች ናቸው። ኮምፒውተር የተማረ ሰው በመካከላችን የለም። ስለዚህ ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ኮምፒውተር ብቻ አይደለም። ስለ ጓዳችን፣ ስለ ውሻና ድመታችን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለ ሴቶች ልጆቻችን ጊዜ ነው። በመጨረሻም እንድትወስኑበት የምናቀርበው አንድ ሐሳብ አለን።

በመጀመሪያ ኮዲንግ ምን እንደ ሆነ ለማታውቁ በአጭሩ እንንገራችሁ። ኮዲንግ ማለት ለማሽን ሥራን በቅደም ተከተል መንገር ነው። ለጎረቤታችሁ «እባክሽ ሽሮ ጣል አድርጊልኝ» ብትሏት ሌላ ቃል አያስፈልጋትም። ማሽን ግን ነገር ከአፍ አይነጥቅም። ሽንኩርቱ እስኪበስል ድረስ አማስል፣ ውሃው ከፈላ ሽሮውን ጨምር፣ ካልፈላ ጠብቅ ተብሎ እያንዳንዱ ነገር ሊነገረው ይገባል። «እስኪሆን ድረስ ደጋግም»፣ «ከሆነ ይህን፣ ካልሆነ ያን አድርግ» የሚሉት ትእዛዞች የኮዲንግ ዋና ዋና መሣሪያዎች ናቸው። ወጥ ሠርታ የምታውቅ ሴት ሁሉ ሳትጽፋቸው ስትሠራባቸው ኖራለች።

የምንማረው «ስክራች» በሚባል ፕሮግራም ነው። በአሜሪካ አገር የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ባለሙያዎች ያዘጋጁት ሲሆን ለሕዝብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በተለይ ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች የተሠራ ነው፤ ክፍያም የለውም። ትእዛዞቹ እንደ ልጆች መጫወቻ እየተገጣጠሙ ስለሚሠሩ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም። ቋንቋውንም ወደ አማርኛ መቀየር ይቻላል። ሲከፈት አንዲት ብርቱካንማ ድመት ብቅ ትላለች። ልጆቹ «10 እርምጃ ሂጂ» ሲሏት ትሄዳለች፣ «ሚያው በይ» ሲሏት ሚያው ትላለች። ከልጆቻችን መካከል ትንሹ እሷን አይቶ ሲያበቃ ምድጃ ዳር የተኛችውን የቤቱን ድመት ማዘዝ ጀመረ። እሷማ ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም። ሕይወት ያለው ፍጡርና ማሽን እንደማይመሳሰሉ ያን ቀን ልጆቹ እየሳቁ ተማሩ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ።

ከሰባታችን በአንዷ ቤት ሦስት ልጆች አሉ። ታላቋ 14 ዓመቷ ነው፣ መካከለኛው 12፣ ትንሹ 9። ቡቺ የሚባል ውሻም አላቸው። መካከለኛው ልጅ ጎበዝ ነውና በራሱ አስቦ አንድ ፕሮግራም ሠራ። ፕሮግራሙ «ዛሬ ምን ቀን ነው?» ብሎ ይጠይቅና ቡቺን የሚያበላውን ሰው ስም ይናገራል። ቅዳሜ ዕለት ሁላችንም ከበን አየንለት። «ሰኞ» ብሎ ጻፈ፤ የእኅቱ ስም መጣ። «ማክሰኞ» ብሎ ጻፈ፤ አሁንም የእኅቱ ስም። «ረቡዕ» አለ፤ እሷው ናት። እስከ እሑድ ድረስ ከእሷ በቀር ሌላ ስም አልነበረም።

በመጀመሪያ ሳቅን። እናቱ «ምነው ልጄ፣ ሰባቱንም ቀን እሷ?» ብትለው ግራ ገብቶት አያት። «እማዬ፣ ሁሌም የምታበላው እሷ ናት እኮ» አላት። ተንኮል አልነበረበትም፤ ያየውን ነው የጻፈው። ፕሮግራሙም አልተሳሳተም፤ የቤቱን ልማድ አንድም ሳያጎድል ነገረን። ታላቅ እኅቱ በዚያ ሰዓት ጓዳ ሆና የቡና ሲኒ ታጥብ ነበር። ስሟ ሰባት ጊዜ የተጻፈበትን ያንን ኮምፒውተር ግን ከነካችው ሰነባብታለች።

ከዚያ በኋላ ሁላችንም በየቤታችን አንድ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ለአንድ ሳምንት ማን ምን እንደ ሠራ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ማን ለስንት ሰዓት እንደ ተቀመጠ ጻፍንበት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወረቀቶቹን አንድ ላይ ዘረጋናቸው። ሴትና ወንድ ልጆች ባሉባቸው ቤቶች ሁሉ የተጻፈው አንድ ዓይነት ነበር። ዕቃ አጠባው፣ ሱቅ መላኩ፣ ውሻ ማብላቱ፣ ታናናሾችን ማጠቡ ከሴቶቹ ስም ጎን ነው። ኮምፒውተሩ ግን ከወንዶቹ ስም ጎን ነው። ማንም ሴት ልጁን «አትማሪ» ያላት የለም። ሥራው ሲያልቅ ቀኑም አብሮ ያልቃል፤ ይኸው ነው። ይህን የምንነግራችሁ ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ልማድ ነው። ልማድ ግን ሲጻፍ ይታያል፤ ከታየ ደግሞ ሊቀየር ይችላል።

ፕሮግራሙን ማን ያስተካክለው ሲባል ወንበሩ ለታላቋ ተሰጣት። እሷም የሳምንቱን ቀናት ትታ በወሩ ቀን ቁጥር ሠራችው። ዘዴው ቀላል ነውና እናንተም ያለ ኮምፒውተር ልትሠሩበት ትችላላችሁ። የዕለቱን ቁጥር ለ3 አካፍሉት። የሚቀረው 1 ከሆነ ተራው የታላቋ ነው፣ 2 ከሆነ የመካከለኛው፣ ምንም ካልቀረ የትንሹ። ለምሳሌ ቀኑ 17 ከሆነ፣ 17 ለ3 ሲካፈል 5 ደርሶ 2 ይቀራል፤ ስለዚህ የመካከለኛው ተራ ነው። ወራችን ሁልጊዜ 30 ቀን ስለ ሆነ ለእያንዳንዳቸው በወር እኩል 10 ቀን ይደርሳቸዋል። ሁለት ልጆች ላሉት ቤት ደግሞ ለ2 ማካፈል ነው፤ ለእያንዳንዳቸው 15 ቀን ይሆናል።

በዚህ መካከል ትንሹ «ጳጉሜንስ?» ብሎ ጠየቀ። ልጆቹ ቆጠሩት። ጳጉሜን 5 ቀን ስትሆን ሁለቱ ታላላቆች ሁለት ሁለት ቀን ሲደርሳቸው ለእሱ አንድ ቀን ብቻ ይደርሰዋል። እሱ ደስ አለው፤ መካከለኛው አኮረፈ። 6 ስትሆን ግን ለሦስቱም ሁለት ሁለት ነው። ታዲያ 6 የምትሆነው መቼ ነው? ይህም በማካፈል ይገኛል። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሎ 3 ከቀረ ጳጉሜን 6 ናት። 2015ን ለ4 ብታካፍሉት 3 ይቀራል፤ በዚያ ዓመት ጳጉሜን 6 እንደ ነበረች ታስታውሳላችሁ። አያታቸው ጥግ ይዘው ሲያዳምጡ ቆዩና «ታዲያ ዘመነ ሉቃስ ነው በሉታ!» አሉ። እውነታቸውን ነው። 1 ሲቀር ማቴዎስ፣ 2 ሲቀር ማርቆስ፣ 3 ሲቀር ሉቃስ፣ ምንም ሳይቀር ዮሐንስ ነው። ልጆቹ ይህንንም ፕሮግራም አድርገው ሠሩት። አያታቸውም መልሱ ትክክል መሆኑን እያረጋገጡ አረሟቸው።

ፕሮግራም ብቻውን ግን ውሻ አያበላም። መካከለኛው ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት «ጨዋታዬን ልጨርስ» እያለ ያቆየው ነበር። ጨዋታ ቆሞ ይጠብቃል፤ የራበው ውሻ ግን አይጠብቅም፤ በር ላይ ሆኖ ይጮኻል። አሁን ልጁ ምግቡን ከመስጠት አልፎ ውሃው መለወጡን ያያል፤ የቡቺ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚታደስበትን ቀንም የሚያስታውሰን እሱ ነው። ኃላፊነት ለወንድ ልጅም ትምህርት ነው። እኅቱ ደግሞ ባገኘችው ሰዓት ለትንሹ ወንድሟ የማባዛት ጨዋታ ሠርታለታለች።

ለዚህ ሥራ ሴቶች እንግዳ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1843 አዳ ላቭሌስ የምትባል እንግሊዛዊት፣ ገና በሐሳብ ደረጃ ለነበረ የስሌት ማሽን ሥራውን በቅደም ተከተል ጽፋ አሳተመች። ብዙዎች የመጀመሪያው የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሉት እሱን ነው። በዚያን ጊዜ የሦስት ልጆች እናት ነበረች። ነገር ግን ቤቷ የመኳንንት ቤት ነው፤ ሥራውን የሚሠሩላት ሰዎች ነበሩ። የእኛ ልጆች አገልጋይ የላቸውም። ጊዜ የሚያገኙት ሥራው በቤተሰቡ መካከል ሲከፋፈል ብቻ ነው።

መጀመር ለምትፈልጉ ጥቂት ነገር እንንገራችሁ። ስክራችን አንድ ጊዜ ኮምፒውተር ላይ ከጫናችሁት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ የዳታ ወጪ አያሳስባችሁ። ከ5 እስከ 7 ዓመት ላሉ ሕፃናት «ስክራች ጁኒየር» የሚባል በታብሌት የሚሠራ አለ። መብራት ሲጠፋ ትእዛዞቹን በወረቀት ላይ ጻፉ፤ አንዱ ልጅ ያዝዝ፣ ሌላው እንደ ማሽን ይታዘዝ። እንዲህ ሲጫወቱ ስሕተቱን ራሳቸው ያገኙታል። ከፍ ላሉ ልጆችና ለእኛም ቢሆን፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በኢንተርኔት የሚሰጥ ነፃ ትምህርት ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ እናትና ልጅ አብረው ቢቀመጡ ይጠቅማል። እኛ ከልጆቻችን አጠገብ ስንቀመጥ ከምንናገረው ይልቅ የምንጠይቀው ይበዛል። «ይህን ለምን አደረግኸው? ይህ ባይሆንስ ምን ይመጣል?» እንላቸዋለን። ለዚህ ደግሞ ዲግሪ አያስፈልግም።

አሁን ለውሳኔ የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ማኅበራችን ከቁጠባው አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ይግዛ። ኮምፒውተር ለሌላቸው አባላት ለአንድ አንድ ሳምንት በተራ ይሰጥ።

ሁለተኛ፣ ላፕቶፑን የምትወስድ እናት የቤቱን ሥራ ክፍፍል የሚያሳይ ወረቀት ግድግዳዋ ላይ ትለጥፍ። ሴት ልጅ ካላት፣ የልጅቱ ሰዓት ከወንድሟ ሰዓት እኩል ይሁን።

ሦስተኛ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት ለሚመጣ ሁሉ ቡድናችን ክፍት ነው። የመጀመሪያውን ወር እኛ ሰባታችን እየተፈራረቅን እናሳያለን።

ላፕቶፕ ገንዘብ ይጠይቃል፤ በዚህ ላይ ተወያዩበት። ወረቀቱ ግን ምንም አይጠይቅም። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ለጥፉት፤ በሳምንቱ ደግሞ አንብቡት። ውሻ ባይኖራችሁ ዕቃ የሚያጥበው ማን እንደ ሆነ ጻፉ።